ከወርቁ ይልቅ ገሉ ያወራል፦ የጥንት ዕቃዎችና የስልጣኔ አጀማመር (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

የዚህ ወር ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ነው የሚሽከረከሩት፣ የመጀመሪያዎቹ ስልጣኔዎች እንዴት እንደተነሱ ከመሬት የወጡት ዕቃዎች ምን ይነግሩናል ነው ነገሩ። የተመሳሰሉትን አዋህጄ ሰባት አስቀርቻለሁ። ዓ.ዓ. ስል ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቴ ነው፣ የቅርብ ጊዜዎቹ ዓመቶች ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ። ሙዚየም ውስጥ የምናየው ወርቅ፣ ዘውድ፣ ሐውልት ምናምን ነው። ዶክመንተሪ ላይ ግን አርኪዮሎጂስቶቹ አንዲት የተሰበረች ገል አግኝተው ሲፈነድቁ ነው የማየው። ምኗ ነው እንደዛ የሚያስደስተው?

መልስ፦ ወርቅ ብዙ አያወራም ወዳጄ። "እዚህ ጋ ሀብታም ሰው ነበር" ይልሃል፣ ከዛ በኋላ ዝም ነው። ደግሞ ወርቅ ይሰረቃል፣ ይቀልጣል፣ የልጅ ልጅ ሌላ ጌጥ ያሰራበታል። ገልን ግን ማን ይሰርቀዋል? ሰው ሰርቶት ተጠቅሞበት ሲሰበር እዛው የጣለው ነገር ስለሆነና ሸክላ ስለማይበሰብስ ከ5 ሺህ ዓመት በኋላም እንደወደቀ ታገኘዋለህ።

በኔ እይታ ከሁሉም የሚበልጠውን ምሳሌ ልስጥህ። ደቡብ ኢራቅ ውስጥ ኡሩክ የምትባል ከተማ ነበረች፣ በ3300 ዓ.ዓ. አካባቢ ከ200 ሄክታር በላይ የሰፋች፣ በዛን ዘመን ተወዳዳሪ ያልነበራት። እዛ ሲቆፈር ከምንም በላይ በብዛት የወጣው ቤተ መቅደስ ወይ ሐውልት ሳይሆን ጠርዙ ሰያፍ የሆነ አንድ ዓይነት ጎድጓዳ ሳህን ነው። አስቀያሚ ነው፣ ምንም ጌጥ የለውም፣ ጭድ የገባበት ሻካራ ጭቃ ፎርማ ውስጥ ጠቅጥቀው ተሎ ተሎ ያወጡት እንደሆነ ያስታውቃል። ከሱ በፊት የነበሩት ሰዎች እኮ ቀጭን፣ በእጅ የተሳለ፣ ዓይን የሚስብ ሸክላ ነበር የሚሰሩት። እና ስልጣኔ ሲመጣ ሸክላው አማረ ስትል ጭራሽ አስጠላ! አንዳንድ ቦታ ላይ ከወጣው ገል ሁሉ ከግማሽ በላይ ይሄ ሳህን ነው፣ ከኢራን እስከ ሶሪያና ቱርክ ድረስ ተገኝቷል፣ ደግሞ ብዙው ሳይሰበር በሙሉው ተጥሎ ነው የሚገኘው።

አንድን ሳህን ሳይሰበር የሚጥል ማነው? ሳህኑ የራሱ ያልሆነ ሰው ነው። እዚህ ጋ ነው ተመራማሪዎቹ ድርጎ የሚለው ሐሳብ የመጣላቸው፣ ማለትም አንድ ትልቅ ተቋም፣ ቤተ መቅደስም ይሁን ቤተ መንግስት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰራተኞችን ሰብስቦ በቀን እየሰፈረ ሲያበላ ነበር። የዛን ዘመን ጽሑፍ ላይ "መብላት" ወይም "ቀለብ" የሚለው ምልክት የሰው ጭንቅላትና አጠገቡ ሳህን ነው፣ ሳህኑም ይሄንኑ ሰያፍ ጠርዝ ያለውን ይመስላል። አዎ ክርክር አለ፣ ዳቦ መጋገሪያ ነው የሚሉ አሉ፣ ልኬታቸው አንድ አይደለም የሚሉም አሉ። በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ ሻኪ ኮራ ከሚባል የሰሜን ኢራቅ ቦታ የወጡ ሳህኖችን ውስጣቸውን መርምሮ የስጋ ምግብ ቅሪት ነው ያገኘው፣ ስለዚህ ገብስ ብቻ አልነበረም የሚሰፈረው። ከዛ ጥናት ለኔ የገረመኝ ግን ሌላ ነው፣ ሕንጻው ሳይቃጠልና ሳይወረር ሰዎቹ ትተውት ሄደዋል። ተመራማሪዎቹ ሲያስቡት ሰዉ በድርጎ መተዳደሩን ራሱ አልፈልግም ብሎ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ይሄን የሚነግርህ ዘውድ የለም።

ሁለተኛው ደግሞ ከሳህኑም ያነሰ ነው፣ ጠጠር የምታክል የጭቃ ቁራጭ። ድቡልቡል፣ ሾጣጣ፣ ጠፍጣፋ እየተደረገች በመካከለኛው ምስራቅ ከ8000 ዓ.ዓ. አካባቢ ጀምሮ ትገኛለች። ድሮ መጫወቻ ወይ ክታብ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ዴኒዝ ሽማንት ቤሴራት የምትባል ተመራማሪ ግን ሰብስባ ስታያቸው መቁጠሪያ ናቸው አለች፣ አንዷ ለበግ፣ አንዷ ለእህል ስፍር። በ3500 ዓ.ዓ. አካባቢ ሰዎች እነዚህን ጠጠሮች ውስጡ ባዶ በሆነ የጭቃ ኳስ ውስጥ ከተው ላዩን በማህተም ማሸግ ጀመሩ፣ ማጭበርበር እንዳይኖር። ግን ኳሱን ሳትሰብረው ውስጡ ስንት እንዳለ እንዴት ታውቃለህ? ስለዚህ ከማሸጋቸው በፊት ጠጠሮቹን ላዩ ላይ እየጫኑ ምልክት ያደርጋሉ። ቆይተው ደግሞ ምልክቱ ላዩ ላይ ካለ ጠጠሩ ለምን ያስፈልጋል ብለው ጠፍጣፋ የሸክላ ሰሌዳ ላይ ብቻ መጫን። በቃ፣ ጽሑፍ መጣ። ሁሉም ምሁር በዚህ መስመር አይስማማም፣ በተለይ እያንዳንዷ ጠጠር ምን እንደምትወክል ላይ፣ ግን ከሂሳብ እንደተነሳ የሚጠራጠር ብዙ የለም፣ ምክንያቱም ከኡሩክ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች እጅግ አብዛኞቹ የገቢና የወጪ ሂሳብ ናቸው። ግጥም የለም፣ ጸሎት የለም፣ የንጉስ ገድል የለም። አንዷ ሰሌዳ ላይ 29,086 ስፍር ገብስ፣ 37 ወር፣ ኩሺም ይላል። ኩሺም የሰው ስም ከሆነ (የሹመት ስምም ሊሆን ይችላል) በታሪክ ከምናውቃቸው የመጀመሪያዎቹ የሰው ስሞች አንዱ የግምጃ ቤት ሹም ነው ማለት ነው፣ ያውም የቢራ ገብስ የሚቆጣጠር። ከሂሳቡ ውጪ ያሉት ደግሞ ለጸሐፊዎች መማሪያ የተዘጋጁ የቃላት ዝርዝሮች ናቸው፣ ከነሱም አንዱ ከ100 በላይ ሹመቶችንና የስራ ዓይነቶችን በተርታ ይደረድራል። ገና መጻፍ እየጀመሩ የሹመት ዝርዝር!

ጥያቄ፦ ልጄ "እማ ይሄ ድንጋይ 5 ሺህ ዓመቱ ነው የሚሉት እንዴት አውቀው ነው?" ብሎኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ አሪፍ ጥያቄ ነው የጠየቀው። ድንጋዩን ራሱን ብዙ ጊዜ አይለኩትም፣ አጠገቡ ያለውን ከሰል፣ ዘር ወይ አጥንት ነው የሚለኩት። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን 14 የሚባል ነገር ሰውነቱ ውስጥ አለ፣ ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል፣ ስለዚህ የቀረውን ለክተው መቼ እንደሞተ ያሰላሉ። ዊላርድ ሊቢ የሚባል ኬሚስት በ1949 ነው ይሄንን ያሳየው፣ በ1960 ኖቤል ተሸለመበት። ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ለሆነ ነገር አይሰራም፣ የሚቀረው ትንሽ ስለሚሆን።

ለዚህም ነው ዕቃው የት፣ በየትኛው የአፈር ድርብርብ፣ ከምን ጋር ተገኘ የሚለው ከዕቃው በላይ ዋጋ ያለው። ሌባ ቆፍሮ ያወጣው ነገር የቱንም ያህል ቢያምር ግማሽ ወሬው እዛው ጉድጓድ ቀርቷል። የግሪክ ሳይክላደስ ደሴቶች ላይ የሚገኙት ነጭ የእብነ በረድ ምስሎች በዚህ የተጎዱ ናቸው፣ ሰብሳቢዎች ወደዷቸውና ሌባ መቃብሩን ሁሉ ገለበጠው፣ አሁን ለምን እንደተሰሩ ጠይቂ ብትባዪ የምትጠይቂው ቦታ የለም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። መንግስት የሚባለው ነገር መቼ ተጀመረ ቢባል በዕቃ ማሳየት ይቻላል? እኛ ስናስተምር የናርመርን ሰሌዳ ነበር የምናሳየው።

መልስ፦ ጋሼ፣ እሱን ማሳየትዎ ትክክል ነበር፣ ግን እንደፎቶ ማንበብ የለብንም። የጥንቱ የግብጽ ንጉስ ናርመር ሰሌዳው ላይ በአንዱ ጎን የላይኛውን (የደቡቡን) ግብጽ ነጭ ዘውድ ደፍቶ ጠላቱን በዱላ ሊመታ እጁን አንስቷል፣ በሌላው ጎን የታችኛውን (የሰሜኑን) ግብጽ ቀይ ዘውድ ደፍቶ አንገታቸው የተቆረጠ ሰዎች ፊት ይሄዳል። 64 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ በ3100 ዓ.ዓ. አካባቢ የተሰራ፣ ሂራኮንፖሊስ ላይ በ1898 አካባቢ የተገኘ። የዓይን ኩል መፍጫ ሰሌዳ ቅርጽ ነው ያለው፣ ግን ኩል ለመፍጨት አይመስልም። እውነት አንድ ቀን ጦርነት ተካሂዶ ሁለቱ ግብጾች ተዋሃዱ ወይስ ንጉስ እንዲህ ነው ተብሎ ለአማልክት የቀረበ ምስል ነው የሚለው ያከራክራል። ያ ዱላ ያነሳ ንጉስ እኮ ከዛ በኋላ 3 ሺህ ዓመት ያህል ሳይቀየር ተስሏል፣ ጦር ሜዳ ረግጦ የማያውቅ ፈርዖን ሳይቀር።

እኔ ብሆን ለተማሪ የማሳየው ሌላ ነገር ነው። እዛው ግብጽ አቢዶስ ላይ የናርመርን ዘመን የሚቀድም መቃብር አለ፣ ዩ-ጄ ይሉታል፣ የጀርመኑ ጉንተር ድሬየር ቡድን በ1988 ነው ያወጣው። ውስጡ ከ150 በላይ ትንንሽ የአጥንትና የዝሆን ጥርስ መለያዎች ነበሩ፣ ጥፍር የሚያክሉ፣ ማሰሪያ ቀዳዳ ያላቸው፣ ቁጥር ወይም የቦታ ስም የሚመስል ምልክት የተቀረጸባቸው። ከዕቃ ጋር ታስረው ይሄ ከየት መጣ፣ ስንት ነው ለማለት። ከብዙ ቦታ ግብር የሚሰበስብና የሚመዘግብ ሰው አለ ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ዱላ ከማንሳት የበለጠ መንግስት ነው።

አርስላንቴፔም አለልዎት፣ ምስራቅ ቱርክ። ከ3300 ዓ.ዓ. አካባቢ የነበረ ቤተ መንግስት ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ የጭቃ እሽግ በአንድ ቦታ ተጥሎ ተገኘ። የአሰራሩን ብልጠት ይመልከቱ፣ የግምጃ ቤቱ በር በገመድ ታስሮ ገመዱ ላይ ጭቃ ይለጠፋል፣ ጭቃው ላይ ሹሙ ማህተሙን ያሳርፋል፣ በሩ ሲከፈት የተሰበረው ጭቃ አይጣልም፣ እንደ ደረሰኝ ተቀምጦ ሂሳቡ ከታየ በኋላ ነው አንድ ላይ የሚጣለው። ማን ስንቴ እንደከፈተ ዛሬም መቁጠር ተችሏል። እና እዛው ቤተ መንግስት ከመዳብና ከአርሴኒክ ቅይጥ የተሰሩ 9 ሰይፎች ተገኝተዋል፣ እስካሁን ከሚታወቁት ሰይፎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ። ጦርና ቀስት ለአደንም ይሆናል፣ ሰይፍ ግን ሰው ለመግደል ካልሆነ ለሌላ ምን ይሰራል? ደረሰኝና ሰይፍ አንድ ግቢ ውስጥ መገኘታቸው ለኔ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ሀብት ብቻውን ግን መንግስት አያሳይም። ቡልጋሪያ ውስጥ ቫርና ላይ በ1972 በአጋጣሚ የተገኘ የመቃብር ቦታ አለ፣ በ4500 ዓ.ዓ. አካባቢ የነበረ፣ ወደ 300 መቃብር፣ 6 ኪሎ ገደማ ወርቅ። ግን ወርቁ የተከማቸው ጥቂቶቹ ውስጥ ነው፣ በተለይ 43ኛው መቃብር ውስጥ ያለው ሰውዬ ወርቅ በወርቅ ሆኖ ነው የተቀበረው። ከኡሩክ 1 ሺህ ዓመት ይቀድማል እኮ! ሆኖም ከተማ የለ፣ ጽሑፍ የለ፣ ቆይቶም ጠፋ።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ተጨቃጭቀን አስታራቂ አጣን። እሱ ንጉስም ጦርነትም የሌለው ስልጣኔ ነበር፣ የኢንደስ ሸለቆ ይላል። እኔ አይቻልም ነው የምለው። ማን ትክክል ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁንም ላላስቀይም እሞክራለሁ። ወንድምህ የያዘው ነገር አለ። ሞሄንጆዳሮና ሃራፓ የሚባሉት ከተሞች (ከ2600 እስከ 1900 ዓ.ዓ.) ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ናቸው፣ ስልጣኔው ግን ህንድ ድረስ የተዘረጋ ነው። ቤተ መንግስት ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቆም ሕንጻ የለም፣ የንጉስ መቃብር የለም፣ ድል ያደረገ ንጉስ የሚያሳይ ሐውልት የለም። "ቄሱ ንጉስ" እየተባለ የሚጠራው ምስል እንኳን 17.5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ ስሙን ያወጡለት ደግሞ ቆፋሪዎቹ ናቸው እንጂ ቄስ ይሁን ንጉስ ማስረጃ የለውም።

ግን እስቲ የሚዛን ድንጋዮቻቸውን ተመልከቱ፣ እኔ ከወርቅ ሁሉ እነሱን ነው የምመርጠው። ተስተካክለው የተቆረጡ ትንንሽ ኩቦች ናቸው፣ ትንሿ 0.86 ግራም ገደማ፣ ቀጥሎ እጥፏ፣ ከዛ የእጥፏ እጥፍ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እያለ። በመቶዎች ኪሎሜትር የተራራቁ ከተሞች ውስጥ ልኬቱ አንድ ነው። ጡቦቻቸውም ከፍታው 1 ከሆነ ስፋቱ 2 ርዝመቱ 4 ነው፣ የትም ብትሄድ። ይሄንን ማን አስከበረው? ንጉስ ባይሆን እንኳን የሆነ የሚፈራ ወይም የሚከበር አካል አለ፣ የነጋዴዎች ማህበር ይሁን፣ የከተማ ሸንጎ ይሁን። ሃራፓ ላይ ከእነዚህ ድንጋዮች ብዙዎቹ በከተማዋ በሮች አካባቢ መገኘታቸው ደግሞ ቀረጥ ነገር ይሸታል። ስለዚህ አንተም የያዝከው አለ፣ ዘውድ ባይኖርም ቀራጭ ነበር። ጦርነቱን በተመለከተ የሃራፓ አጽሞች ላይ፣ በተለይ በኋለኛው ዘመን፣ የጭንቅላት ድብደባ ምልክት ታይቷል፣ እና ፍጹም ሰላም ነበር ማለትም ይከብዳል። ጽሑፋቸው ቢነበብ ነገሩ በቀለለ፣ ግን እስከዛሬ የፈታው የለም፣ በአማካይ 5 ምልክት ብቻ ስለሆነ የሚጻፈው መነሻ የሚሆን ረጅም ነገር ጠፋ።

ወንድምህ ተጨማሪ ጥይት ከፈለገ ፔሩ ያለችውን ካራልን ስጠው። ከ2600 ዓ.ዓ. አካባቢ ጀምሮ ፒራሚድ የሰራች ከተማ ናት፣ አርኪዮሎጂስቷ ሩት ሻዲ ናት ያስተዋወቀቻት። ሸክላ እንኳን ገና አልነበራቸውም! የተገኘው የጥጥ መረብ፣ ድንጋይ ተሞልቶባቸው ለግንባታ የዋሉ የሳር ከረጢቶች፣ ከፔሊካንና ከኮንዶር አጥንት የተሰሩ 32 ዋሽንቶች። የጦር መሳሪያና የምሽግ ምልክት ግን አልታየም። ከተማዋ ጥጥ ታመርታለች፣ የባህር ዳር ሰዎች በጥጡ መረብ ሰርተው አሳ ይልኩላታል፣ በቃ በዛ ነው የቆመችው የሚል ነው ሐሳቡ።

ጥያቄ፦ ብሮ ጎቤክሊ ቴፔን የሰሩት ሰዎች እንዳልሆኑ ታውቃለህ አይደል? በዛ ዘመን ሰው አዳኝ ነበር ይላሉ፣ አዳኝ እንዴት ያን ያህል ድንጋይ ያቆማል?

መልስ፦ ሰዎች ናቸው የሰሩት ብሮ። (ለማያውቁት፣ ጎቤክሊ ቴፔ ደቡብ ምስራቅ ቱርክ ውስጥ ግዙፍ የድንጋይ ዓምዶች የቆሙበት ጥንታዊ ቦታ ነው።) ድንጋዩ የተፈለፈለበት ቦታ እዛው አጠገብ ነው፣ ተጀምሮ ሳይወጣ የቀረ ዓምድ ሁሉ አለ፣ የጠረቡበት ባልጭት ድንጋይ በብዛት ተበትኗል፣ የበሉት የሚዳቋ አጥንትና የዱር እህል የፈጩበት ወፍጮም አለ። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር የዱር እህል ይፈጫል? ጥያቄህ ውስጥ ግን ደህና ነገር አለች። በ9500 ዓ.ዓ. አካባቢ፣ እርሻ ገና ሳይደላደል፣ እስከ 5.5 ሜትር የሚረዝሙ ዓምዶች መቆማቸው መጀመሪያ እርሻ፣ ከዛ ትርፍ ምርት፣ ከዛ ቤተ መቅደስ የሚለውን የድሮ ቅደም ተከተል አናግቶታል። ክላውስ ሽሚት በ1995 መቆፈር ሲጀምር ሰው የማይኖርበት የአምልኮ ቦታ ነው ብሎ ነበር፣ ከዛ ወዲህ መኖሪያ ቤቶችም ተገኝተዋል።

ጥያቄ፦ ሁሌ ንጉስ ንጉስ ነው የምትሉት። ሴቶችስ የት ነበሩ? ዕቃዎቹ ስለነሱ አይናገሩም?

መልስ፦ ይናገራሉ፣ አንዳንዴም ከሚፈለገው በላይ። ኢራቅ ኡር ላይ በ1920ዎቹ ሊዮናርድ ዉሊ ያወጣው የንጉሳውያን መቃብር ውስጥ ፑአቢ የምትባል ሴት አለች፣ በ2500 ዓ.ዓ. አካባቢ የኖረች፣ የወርቅ ቅጠልና የላፒስ (ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ) ዶቃ የተደረደረበት የራስ ጌጥ ያደረገች። ላፒሱ የመጣው ከአፍጋኒስታን ነው፣ ከ2 ሺህ ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ። ማህተሟ ላይ ስሟና ማዕረጓ አለ፣ የባል ስም ግን የለም፣ ስለዚህ በራሷ የከበረች ሴት ናት የሚሉ ብዙ ናቸው።

እዛው መካነ መቃብር ውስጥ ታላቁ የሞት ጉድጓድ የሚሉት አለ፣ 74 ሰዎች፣ 68ቱ ሴቶች ናቸው፣ በጌጣቸው እንደተሰለፉ። ዉሊ አጠገባቸው ኩባያ ሲያገኝ መርዝ ጠጥተው በፈቃዳቸው ጌታቸውን ተከተሉ ብሎ ጻፈ፣ ያምራል ታሪኩ፣ ሰውም ወደደው። በ2009 ይፋ በሆነ ምርመራ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሁለት የራስ ቅሎችን ሲቲ ስካን ሲያደርጉ፣ አንዱ የሴት አንዱ የወታደር፣ ሹል ነገር የመታበት ቀዳዳ አገኙ። ጭንቅላታቸውን ተመትተው ነው የሞቱት። ከዛም ሬሳው እንዳይበላሽ ሙቀትና ሜርኩሪ ተጠቅመው ለሥነ ሥርዓቱ አቆይተዋቸዋል። የወርቅ ጌጡን ሙዚየም ውስጥ ስታይው ይሄም አብሮ ይታይሽ ነው የምለው።

ቻይና ደግሞ ፉ ሃው አለች፣ በ1200 ዓ.ዓ. አካባቢ የሻንግ ሥርወ መንግስት ንጉስ የዉ ዲንግ ሚስት። መቃብሯ ሳይዘረፍ በ1976 ተገኘ፣ 468 የነሐስ ዕቃ፣ 755 የጄድ (አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ) ዕቃ፣ ወደ 7 ሺህ ዛጎል፣ ስሟ የተቀረጸባቸው ከባድ የጦር መጥረቢያዎች። አብረዋት የተሰው ቢያንስ 16 ሰዎችም አሉ። ንጉሱ አጥንት በእሳት እየሰነጠቀ ነበር የሚጠነቁለው፣ ጥያቄውም እዛው አጥንቱ ላይ ይቀረጽ ነበር፣ ከነዚህ አጥንቶች 13 ሺህ ጦር እንደመራች እናነባለን። ሌላ አጥንት ላይ ደግሞ ምጧ መልካም ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቅና ከወለደች በኋላ "መልካም አልሆነም፣ ሴት ናት" ተብሎ ተጽፏል። ጦር መሪዋ እናት ሆና እንኳን!

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ የሚቀለድበት የመዳብ ነጋዴ አለ፣ ኢአ ናሲር። እውነት ነው ወይስ ፈጠራ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ሰሌዳው ብሪቲሽ ሙዚየም አለ፣ 1750 ዓ.ዓ. አካባቢ፣ ከዛችው ከኡር። መጀመሪያ ያልኳቸው የገብስ ሂሳቦች ከ1,500 ዓመት በኋላ ምን ላይ እንደደረሱ ያሳያል፣ በመርከብ ከባህረ ሰላጤው መዳብ አምጥቶ መሸጥ፣ ቃል መግባት፣ ቃል ማፍረስ፣ በደብዳቤ መካሰስ። ናኒ የሚባል ደንበኛ ነው ያስጻፈው፣ ጥሩ መዳብ እሰጣለሁ ብለህ መናኛ አቀረብክልኝ፣ መልእክተኛዬን አዋረድከው፣ በጠላት አገር አቋርጦ ባዶ እጁን መለስከው ይለዋል። የነጋዴው ነው የሚባለው ቤት ሲቆፈር ከሌሎች ደንበኞች የመጡ የቅሬታ ደብዳቤዎችም ወጥተዋል፣ እና ናኒ ብቻውን አልነበረም የተበላው። መጨረሻው ላይ ናኒ ካሁን በኋላ ጥሩ ያልሆነ መዳብ ካንተ አልቀበልም፣ እራሴ ግቢ ውስጥ አንድ በአንድ መርጬ ነው የምወስደው፣ ካልወደድኩት እመልስልሃለሁ ብሎ ዘግቶታል።